ልጅ ይዞ መንገድ፦ ቅድሚያ ለሆድና ለጆሮ

መንገድ ላይ የሚነጫነጭ ልጅ አመል የያዘው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወይ ሆዱን አጥወልውሎታል፣ ወይ ጆሮው ተደፍኗል፣ ወይ ሽንቱ መጥቶበታል።

መኪና የሚያጥወለውላቸው በብዛት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት ናቸው። የውስጥ ጆሮ «እየሄድን ነው» ሲል፣ ታብሌት ላይ የተተከለው ዓይን «የለም፣ ቁጭ ብለናል» ይላል፤ አንጎል በሁለቱ መሃል ይምታታበታል። ዝም እንዲል ብለን የምንሰጠው ስልክ ትውከቱን ይጠራል ማለት ነው። ይልቅ በፊት መስታወት በኩል ሩቅ እንዲያይ አድርጉት፤ ቀበቶው የሚገጥም ከሆነ የኋላ ወንበር መሃሉ ይሻላል። መስኮት ገርበብ ይበል። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይበጅም፤ ከመነሳት 1 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቅባት የሌለው ቀለል ያለ ነገር ይብላ።

ትውከት ሳይናገር አይመጣም። ሲለፈልፍ የነበረው ልጅ ድንገት ዝም ይላል፣ ያዛጋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ግንባሩን ያልበዋል። ያኔ ጥግ ይዞ ማቆምና ማውረድ ነው፤ «ትንሽ ቀረን» አያዋጣም። ፌስታል፣ እርጥብ ሶፍትና ቅያሪ ልብስ እጅ የሚደርስበት ይሁኑ፤ ከሻንጣዎች ሥር የተቀበረ ቅያሪ እንደሌለ ቁጠሩት። ለሚያቅፈው ሰውም አንድ ሸሚዝ ያዙ (ይህ ሁልጊዜ ይረሳል)። የማጥወልወል መድኃኒት ከታዘዘ የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ነው፣ ብዙዎቹ ከጉዞው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። መጠኑን በዕድሜውና በክብደቱ ፋርማሲስት ይንገራችሁ። አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ስለሚያቅበጠብጠው፣ ስለዚህም ጠይቁ።

የልጅ መቀመጫ ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሶ አይታሰር። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨማደድና ቀበቶው ላላ ብሎ ይገኛል። ጃኬቱን አውልቁ፣ እሰሩ፣ ከዚያ ከላይ ደርቡለት። ትከሻው ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ማጠፍ ከቻላችሁ ገና አልጠበቀም። በየ2 ሰዓቱ ቆሙና ይሩጥ።

አውሮፕላን ላይ ጆሮን የሚያሳምመው ከመነሳቱ ይልቅ መውረዱ ነው። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ስለሆነ፣ ጡት ወይም ጡጦ ለዚያ ሰዓት ይቆይ። ሲነሳ ጠጥቶ የጠገበ ሕፃን ሲወርድ እምቢ ይላል። የተኛም ይቀስቀስ፤ እንቅልፍ ላይ መዋጥ ይቀንሳል፣ ጆሮን የሚከፍተው ደግሞ መዋጥ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስቲካም ጠንካራ ከረሜላም አይሰጥም፣ ያንቃል።

ተቅማጥ ቢመጣ ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) ሻንጣ ውስጥ ይኑር። አንዱ ፓኬት የ1 ሊትር ነው፣ ሌላው ያነሰ፤ ጀርባውን አንብቡ። በአነስተኛ ውኃ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛና ይጎዳል። ከ2 ዓመት በታች ከያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከ100 እስከ 200። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከቀረ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሰው ወደሚበዛበት ከመውጣታችሁ በፊት ጠዋት ጠዋት ሙሉ ቁመቱን ፎቶ አንሱት። ልጅ ሲጠፋ በድንጋጤ የሸሚዙ ቀለም እንኳ ይጠፋል። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለት፤ ስሙን ግን በሚታይ ቦታ አትጻፉ፣ በስሙ የጠራውን ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል።