የሌለ ቁጥር ፍለጋ

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ከመዋዕለ ሕፃናት አንዲት ትንሽ ላስቲክ ከረሜላ ይዛ መጣች። እዚህ ፍራንክፈርት ልደቱን ያከበረ ልጅ ለጓደኞቹ እንዲህ ያለ ነገር ያድላል። እኔ ደግሞ ያኔ ራሴን አዋቂ አድርጌ ነበር የማየው። በቴሌግራም የተላከልኝ የሐራም ምግቦች ዝርዝር ስልኬ ውስጥ አለኛ! «ከእነዚህ ቁጥሮች ተጠንቀቁ» ይላል፤ ምግብ ላይ ለሚጨመሩ ነገሮች አውሮፓ ውስጥ የሚሰጡትን የኢ ቁጥሮች ማለቱ ነው። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣው፣ ከረሜላ የሚያረጋው ጀላቲን «ኢ441» ነው ይላል። ላስቲኩን ገልብጬ ቁጥሩን ፈለግኩት። የለም። «ቢስሚላህ በይና ብይ» አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ቱርካዊት ጓደኛዬ ያንኑ ከረሜላ ቤቴ አየችውና ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «ጌላቲነ» ይላል፣ በጀርመንኛ፣ ቁልጭ ብሎ። ለካ አውሮፓ ውስጥ ጀላቲን እንደ ምግብ ስለሚቆጠር የኢ ቁጥር አይሰጠውም። በስሙ ነው የሚጻፈው። ለፋብሪካው ኢሜይል ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ፦ የአሳማ ነው። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ኡስታዛችን ግን «ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ አላህ መሓሪ ነው። አሁን ማንበብ ተማሪ» አሉኝ።

ተማርኩ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከስልኬ አጠፋሁት። ቁጥር ያየበትን ሁሉ ሐራም የሚል ነበር። ኢ100ን ፈርቼ ስንት ብስኩት መልሻለሁ! ከእርድ የሚወጣ ቢጫ ቀለም ነው። ኢ160ሲ ደግሞ ከበርበሬ የሚወጣ ቀለም ነው። ድስቴ ውስጥ ሁለቱም በየቀኑ አሉ።

በእርግጥ የሚያሳስቡ ቁጥሮችም አሉ። ውሃና ቅባትን የሚያዋህደው ኢ471 ከዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ከየትኛው እንደሆነ ላስቲኩ ላይ ብዙ ጊዜ አይነግሩህም። እሱን የምጠይቀው ፋብሪካውን ነው። ኢ120 ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። ብልጠቱ ቁጥሩን ትተው «ካርሚን» ብለው ሊጽፉት መቻላቸው ነው። ዑለማዎች በእሱ ላይ ይለያያሉ። እኛ ቤት ትተነዋል፤ የሚበላውን ሰው ግን አልወቅስም።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ የሃሪቦ ነገር ነው። በ1920 ቦን ከተማ የተመሠረተ የጀርመን ድርጅት ነው። ጀርመን የሚሠሩት ድብ ድብ የሚመስሉት ከረሜላዎቹ የአሳማ ጀላቲን አላቸው። ቱርክ ያለው ፋብሪካው ግን በከብት ጀላቲን ይሠራል፣ ላስቲኩም ላይ በቱርክኛ «ሄላል»፣ ሐላል ማለት ነው፣ ይላል። ሱፐርማርኬት የመጀመሪያው፣ ከመንገዱ ማዶ የቱርኮቹ ሱቅ ሁለተኛው ይሸጣል። ስሙ ያው፣ ድቡም ያው። ስለዚህ «ሃሪቦ ሐላል ነው?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። እጅህ ላይ ያለውን አሳየኝ ነው የምለው።

«የከብት» የሚለው ቃልም ብቻውን አያረካኝም። አገር ቤት ልኳንዳ ስንገባ በሬ መሆኑን ሳይሆን ማን እንዳረደው አይደል የምናየው? ጀላቲኑም እንደዚያው ነው። ማረጋገጫ ከሌለው በጀላቲን ፋንታ በፔክቲን ወይም በስታርች የረጋውን እመርጣለሁ። እነሱ ከተክል ናቸው።

ቸኮሌት ይቀላል። ካካዎ፣ ስኳር፣ ወተት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ የሚሠራ ሌሲቲን የሚባል ማዋሐጃ። እዚያ የምፈልገው አልኮል ነው። ሞን ሼሪ የሚባለው ቸኮሌት በውስጡ መጠጥ እንዳለው ብዙ ሰው ያውቃል። ሪተር ስፖርት የሚባለው ቸኮሌትም ሩም የሚባል አረቄ ያለበት ዓይነት አለው፤ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ስለሚሸጥ በችኮላ ማንሳት ቀላል ነው።

ወሬ ደግሞ አለ። በ2014 ማሌዥያ ውስጥ በሁለት የካድበሪ ቸኮሌቶች የአሳማ ዲኤንኤ ተገኘ ተባለ። የአገሪቱ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት እንደገና አስመርምሮ ምንም አልተገኘም አለ። እኔ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ከዓመታት በኋላ፣ «አስቸኳይ! ለወዳጅዎ ያስተላልፉ» ተብሎ። ቶብለሮን በ2018 የሐላል ማረጋገጫ ሲያገኝ ደግሞ አሠራሩ አልተለወጠም። ማኅተሙ ሳይኖረውም ያው ቸኮሌት ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማኅተም የሌለውን ሁሉ ሐራም ማለት አቁሜያለሁ።

በ2025 ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገቡ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ «ነይ እስቲ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ወተት እንዳለው አንብቢልኝ» ብለው ሱቅ ወሰዱኝ። ሁለታችንም መደርደሪያው ሥር ቆመን ላስቲክ እናገላብጣለን። እሳቸው ወተት፣ እኔ ጀላቲን ፍለጋ። «ቪጋን» የሚለው፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም የሚል ምልክት ለሁለታችንም እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ወዲያው አንድ ጥቁር ቸኮሌት አንስተው «በይ፣ ይሄው ምልክቱ፣ ለኢፍጣርሽ ያዥው» አሉኝ። ገለበጥኩት። ሩም አለው።

«እትዬ፣ የጾም ነው፤ ለእኔ ግን አይሆንም፣ አረቄ አለበት።»

ቸኮሌቱን ከእጄ ተቀብለው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት። «እሱማ ለፋሲካ ይቆየኛል።»