ፌስቡክ በ38 ዶላር ተወዶ ነበር?

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አክሲዮን የምንማማር ጥቂት ልጆች አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ብርዱ ከቡና ቤት ስለማያስወጣን ክርክሩም ይረዝማል። ሰሞኑን የያዝነው ፌስቡክ በግንቦት 2012 ለሕዝብ የተሸጠበትን ዋጋ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

አንዱ አክሲዮን 38 ዶላር ነበር። ኩባንያው በጠቅላላው ወደ 104 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ። የ2011 ትርፉ ግን 1 ቢሊዮን ብቻ ነው። አካፍሉት እስቲ። ትርፉ ባለበት ከቆመ ገንዘብህ እስኪመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ትጠብቃለህ።

እኔ «ተወዷል» ባይ ነኝ። በ2011 ከገቢው 85 በመቶው ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ተጠቃሚው ደግሞ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ እየነጎደ ነበር። ከስልክ ይህ ነው የሚባል ገቢ እንደሌለው ኩባንያው ራሱ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይምጣ?

በግ የሚነግደው ጓደኛችን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «የመንዝ በግ ስትገዛ ለሥጋ ነው ለእርባታ? ለእርባታ ከሆነ የዛሬ ኪሎዋን ምን አስቆጠረህ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ነገሩ ግን ገባኝ፤ ሒሳቡን ገለበጥነው። የትርፉን 20 እጥፍ መክፈል አይከብደኝም የሚል ሰው 104 ቢሊዮን ከከፈለ፣ ኩባንያው በዓመት 5.2 ቢሊዮን ማትረፍ አለበት። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። በስንት ዓመት? ጭቅጭቁ ያኔ ነው የጦፈው።

መስከረም 2012 ላይ ዋጋው ከ18 ዶላር በታች ወረደ። የእኛ ወገን ጮቤ ረገጠ። የወዲያኞቹ ደግሞ 2013 ሲያልቅ ከማስታወቂያ ገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከስልክ መምጣቱን፣ በ2016 ትርፉ 10 ቢሊዮን ማለፉን አመጡ። ጥሩ ነጥብ ነው። ግን በ2012 ይህን ማን አየ? በዚያን ጊዜ መረጃ «ውድ ነው» ማለት የሚያስኬድ ፍርድ ነበር እላለሁ፣ አሁንም።

ቀጣዩ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። 10 በመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል ማለት ነው። የከበደን ማባዣው ነው፤ ማለትም የዓመት ትርፉን ስንት እጥፍ መክፈል ያዋጣል የሚለው። በዶላር የለመድነው 20 እጥፍ፣ በእኛ የዋጋ ንረት በጣም ይበዛል የሚሉ አሉ። 8 ይበቃል ያለም አለ። እናንተ ስንት ትጠቀማላችሁ?