ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ዛሬ ፍላት ቲቪያችንን ተሸክሜ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ገባሁ። ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም።

ባለሱቁ ስልክ እያወሩ ስለነበር የተቀበለኝ ልጃቸው ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም። ቲቪውን ሰካና የሱቁን መብራት አጠፋ። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ስክሪኑ ላይ አስጠጋው። «ጋሼ፣ ጠጋ ብለው ይዩ።»

ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ፣ ብርሃኑ ባረፈበት ክብ ብቻ፣ ዜና አንባቢዋ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ በጭላንጭል ትታያለች። ለካስ ምስሉ እዚያው ነበር! የጠፋው ከኋላ የሚያበራለት መብራት ነው። «ኤልኢዲዎቹ፣ ትንንሾቹ አምፖሎች፣ በሲሪስ ነው የተያያዙት፣ አንዷ ከሌላዋ ተከታትላ፤ አንዷ ከተቃጠለች መስመሩ በሙሉ ይጠፋል» አለኝና ቴስተሩን አነሳ።

ሲሪስን እኔም ተምሬዋለሁ፣ ክፍላችን ውስጥ በነበረው ፕላዝማ ቲቪ። በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ነበር የሚመጣው። ሥዕሉን ደብተራችን ላይ ሳንጨርስ ያልፋል፣ ማስቆም አይቻልም። መምህራችንም ጥግ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል። አንድ አምፖል በእጄ ሳልነካ ፈተናውን አለፍኩ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባትየው ስልካቸውን ዘግተው መጡ። «ተው አልኩህ፣ ሂድ አጥና!» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ዶክተር ይሆንልኛል ብዬ እኮ ነው የምለፋው» አሉኝ።

«አባባ፣ እያጠና እኮ ነው» አልኳቸው። ከልቤ ነው።

ዝም አሉ። ከዚያ የልጁን ስልክ ተቀብለው፣ ብሎኑን ፈቶ እስኪጨርስ ራሳቸው አበሩለት።