ማን ሰረዘው?

የአበባ እርሻ ውስጥ አይቲ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ጥር ላይ ሰበታ መጥቶ ያየን ግን አይስቅም። የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ አበባው የሚታሸግበት ፓክሃውስ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ማቀዝቀዣ ያላቸው መኪኖች ቦሌ ደርሰው ይመለሳሉ። ሽያጭ ክፍል ደግሞ በየሰኞው ለሆላንድ ገዢዎች «አቬይለቢሊቲ» ይልካል። የሳምንቱን ጽጌረዳ ከነፎቶው፣ ከነግንዱ ርዝመት፣ ከነዋጋው በኢሜይል ማለት ነው። ፎቶ ከሌለው ዋጋ የለውም። ገዢው ቀዩ ምን ያህል ቀይ እንደሆነ፣ እምቡጡ ምን ያህል እንደተከፈተ ማየት ይፈልጋል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት አልስሜር፣ ሆላንድ ያለ ደንበኛችን መልስ ጻፈ። ዋጋው ደህና ነው፣ አበባው ግን የታለ ይላል። ከሥሩ የስክሪኑን ፎቶ አያይዟል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ቀይ ኤክስ አለች። ከጎኗ የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ሁልጊዜ የሚጽፋት ነገር አለች፦ ምስሉ ሊታይ አልቻለም፤ ፋይሉ ተዛውሮ፣ ስሙ ተቀይሮ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

አይቲ የሠራ ሁሉ ይህቺን ጽሑፍ ያውቃታል። አውትሉክ ምክንያቱን አያውቅም። ፎቶውን ሄዶ ሲያጣው ይገምታል፣ በቃ። የሽያጭ ኃላፊያችን ግን «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ዘሎ «ተሰርዞ» የምትለዋ ላይ ቆመ።

«ማን ሰረዘው?»

ፎቶ የምታነሳው ኳሊቲ ኮንትሮል ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት። ጥቁር ጨርቅ ትዘረጋለች፣ ግንዱን ከሜትር ጎን ታስተኛለች፣ ቅጠሉን በጣቷ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ነው የምታነሳው። ፎቶዎቹን ቢሮ ያለው ሰርቨር ላይ የምታስቀምጠው እሷ ስለሆነች ተጠርታ መጣች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም። ፎልደሩ ውስጥ አሉ፣ ይዩዋቸው።»

«ፈረንጁ ተሰርዟል እያለ አንቺ አለ ትይኛለሽ?»

«ጋሼ፣ ያለው ሰውዬው አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው» አልኩ ከጎን።

«ኮምፒውተር ደግሞ ይዋሻል?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ዛሬም የለኝም። ኮምፒውተር ሲዋሽ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ ግን እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው አፉ ይያዛል። እሱ ቀጠለ። ስክሪኑን ወደኛ አዞረና «ደግሞ ይኸው፣ እኔ ጋ ይታያል!» አለ። እውነትም ቀዩም ነጩም ተደርድሯል። የተሰረዘ ፋይል እሱ ጋ እንዴት እንደሚታይ አልጠየቅሁትም። ጸሐፊዋ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን መጻፍ ጀምራለች።

«እኔ ጋ ይታያል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ከየት ሆኖ እያየ እንደሆነ ማጣራት ነው። የመልእክቱን ሶርስ፣ ማለትም ከጀርባው ያለውን ኮድ ከፈትኩ። የፎቶዎቹ አድራሻ በ192.168 ይጀምራል። እዚህ ጋ ነገሩ አለቀ። በዚያ የሚጀምር ቁጥር ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተለየ ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ ሰርቨራችን ይገኝበታል፣ ከግቢው አጥር ውጪ ግን የትም አያደርስም። ለአልስሜር ሰው «ሱቁ ጋ ስትደርስ ሰማያዊው በር» ብሎ አቅጣጫ እንደ መንገር ነው። የሱ ኮምፒውተር አድራሻውን እዚያው የራሱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፈልጎ አጣው።

ድሮ ጸሐፊዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ኢሜይሉ ውስጥ ትለጥፋቸው ነበር። አሰልቺ ነው፣ ግን ይደርሳሉ። ለዘንድሮ ወቅት አዲስ ቴምፕሌት፣ ማለትም የኢሜይል ቅጽ ተሠራ፤ እሱ ፎቶውን ሳይሆን ሰርቨራችን ላይ ያለበትን አድራሻ ብቻ ይልካል። የሠራው የኃላፊው የእህት ልጅ ነው። ተከፍሎታልም። ስንት እንደተከፈለው ፋይናንስ ያውቃል።

ኃላፊው ስልክ ላይም አንድ ምልክት ነበረ። ኢሜይሉ በግል ጂሜይሉም ይደርሰዋል። ስልኩ በቢሮው ዋይፋይ እየሠራ ፎቶዎቹ አይታዩም። «ስልኩ አርጅቶ ነው» አለ። ስልኩ ምን አጠፋ? ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ፎቶ የሚያሳየው በጉግል ሰርቨሮች በኩል አስመጥቶ ነው። ጉግል ደግሞ ሰበታ ቢሯችን ገብቶ ከሰርቨራችን ላይ ፎቶ አያነሳም። የኃላፊው አውትሉክ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ በቀጥታ ከሰርቨሩ ይወስዳል። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ዋይፋይ፣ አንዱ ያሳያል አንዱ አያሳይም።

ይህን ሁሉ በሥርዓት አስረዳሁት። ሰማኝ። ሲያበቃ «እሺ፣ ግን እኔ ጋ ይታያል» አለ።

እንግዲያው በዓይኑ ይይ አልኩ። ላፕቶፑን ከቢሮው ኔትወርክ አውጥቼ ከኔ ስልክ ሆትስፖት ጋር አገናኘሁት። አሮጌውን ኢሜይል አልከፈትኩም፣ አውትሉክ ያየውን ፎቶ ደብቆ ስለሚያቆይ ሊያሳፍረኝ ይችላል። አዲስ ፎቶ ሰርቨሩ ላይ አስገብቼ፣ በዚያው ቴምፕሌት አዲስ መልእክት ላክሁለት። ከፈተ። ምስል አውርድ የምትለዋን ራሱ ተጫነ። ቀይ ኤክስ። ያቺው ጽሑፍ፣ ያው ተዛውሮ፣ ያው ተሰርዞ።

ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ምን አደረግክብኝ?»

«ምንም ጋሼ፣ ደንበኛው የሚያየውን ነው ያሳየሁዎ።»

«ቅድም ይታይ ነበር እኮ! አንቺ፣ አላየሽም ቅድም ሲታይ? ነካክቶ አበላሸው!»

ጸሐፊዋ ሳይሞቃት ተነስታ መስኮት ከፈተች። ፊቷን ወደ ግሪንሃውሶቹ አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔም ስልኬ የጠራ አስመስዬ ወጣሁ።

ጥገናው ከክርክሩ አጠረ። የእህት ልጅ በስልክ «ቤዝ 64 አድርገህ ኮዱ ውስጥ ክተተው» አለኝ፤ ፎቶውን ወደ ፊደልና ቁጥር ቀይረህ ማለቱ ነው። ጂሜይል እንደዚያ የገባ ፎቶ አያሳይም። ዌብሳይታችን ላይ መስቀልም ይቻል ነበር፤ ግን ከውጪ ሰርቨር የሚመጣ ምስልን አውትሉክ መጀመሪያ ያግደዋል፣ ላኪው ኢሜይሉ መከፈቱን እንዳያውቅ። በዚያ ጥድፊያ የአልስሜር ሰው ፍቀድ፣ አትፍቀድ ሲል እንዲውል አልፈለግሁም። ፎቶዎቹን ወደ 600 ፒክስል ስፋት አሳንሼ መልእክቱ ውስጥ አብረው እንዲሄዱ አደረግሁ። ከመላኬ በፊት በሞባይል ዳታ ከፍቼ አየሁ። ታዩ። ደንበኛው በማግስቱ አዘዘ።

በሳምንቱ ስብሰባ ኃላፊው ሪፖርት አቀረበ። «የገዢው ፋየርዎል ችግር ነበር። ተነጋግረን ፈታነው።» የደንበኛው ኔትወርክ ጥበቃ ነው ያገደው ማለቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ በርቱ አሉ። እኔም ቡናዬን ጠጣሁ። አሁንም ግን አንዳንዴ ማታ ሰርቪስ ላይ ተቀምጬ ዓለም ገና መንገድ ሲዘጋጋ ትዝ ይለኝና ለብቻዬ እከራከራለሁ። ፋየርዎል!

የልጅቷ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ቡና አልጠጣም። ሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ጥፋት እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ደብዳቤው ወጪ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ከፋይሏ የሚነሳው የጻፈው ኃላፊ በሌላ ደብዳቤ ሲሽረው ነው አሉኝ። እሱን ጠየቅሁት። «ይቆይ፣ ማስተማሪያ ይሆናታል» አለ።

ተምራለች። አሁን በየሰኞው ፎቶዎቹን በፍላሽ ይዛ፣ የርክክብ ቅጽ በሁለት ኮፒ አትማ ትመጣለች። የፋይሉ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ «መኖሩን አይቼ ተረክቤያለሁ» የሚል መስመር፣ ፊርማ። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ፎቶ ከፍቶ ያያል፣ ይፈርማል፣ ይነጫነጫል። ሥራ አስኪያጁ አሠራሩን ስለወደዱት መተው አልቻለም። ቅጹን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ፊርማውን የግድ በእያንዳንዱ ፎቶ ትይዩ እንዲሆን ያደረግሁትም እኔው ነኝ።