ክሩ እንደተወጠረ ምሶሶውን አትንኩ

የ1980ዎቹ የሎስ አንጀለስ ግላም ሜታል የሚባለው ሮክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማርሻል አምፕና ስለ ፀጉር ስፕሬይ ነው። ጊታሪስቱ ዋረን ዲማርቲኒ ወይም ጆርጅ ሊንች ከብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል በኩል ከሚታሰሩበት ክፍል) የወጣውን ዘንግ ክሩ እስኪላላ ተጭኖ ሲለቀው ጊታሩ ቅኝቱን የማይስተው ግን በፍሎይድ ሮዝ ነው፤ ክሩን ነቱም ላይ (የአንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ በሚያልፍበት) ብሪጁም ላይ የሚቆልፍ፣ ራሱ በሁለት ምሶሶ ብሎኖች ላይ በስለት ብቻ የቆመ ብሪጅ። ያን አጨዋወት ብዬ ገዛሁት። የሚከተለውን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገንዘቤም ንዴቴም ይተርፉ ነበር።

ክር ማሰሩ ቀላል ነው። በክሩ ጫፍ ያለችውን ኳስ በፒንሳ ቆርጦ ጫፉን ብሪጁ ላይ ክሩን የሚይዘው ሳድል ውስጥ መክተት፣ በ3 ሚሊ ሜትር አለን ኪ ማጥበቅ፣ መቃኘት። ነቱን ከመቆለፋችሁ በፊት ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ መቃኛዎች መሃል ላይ አድርጓቸው፤ ዳር ላይ ከቀሩ በኋላ የምታስተካክሉበት ቦታ አይኖርም። ስትቆልፉት ድምፁ ሽቅብ ከሸሸ ከነቱ ጀርባ ክሮቹን የሚጫነውን ዘንግ ዝቅ አድርጉት።

"ክር አንድ በአንድ ብቻ ቀይሩ" የሚለውን ምክር አልቀበልም። ከብሪጁ ጭራ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ጣውላ አስገብቼ ስድስቱንም አወጣለሁ፤ ፍሬቱም (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) በዚያው ይጸዳል።

ክሮቹ የብሪጁን ጭራ ያነሳሉ፣ ከጊታሩ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ደግሞ ያወርዱታል፤ ይህ ሚዛን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ0.009 እስከ 0.042 ኢንች ያለው የክር ስብስብ በተለመደው ቅኝት 38 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። ኤዲ ቫን ሄለን ያደርግ እንደነበረው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካላችሁ ጉተታው 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሞላዎቹ ያሸንፉና የብሪጁ ጭራ ይሰምጣል። ያኔ ከጀርባ ያሉትን የሞላ መያዣ ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ዙር አላልቶ እንደገና መቃኘት ነው። ጭራው ከተነሳ ደግሞ ማጥበቅ። አንዱን ክር ስታጠብቁ ሌሎቹ አምስቱ ይወርዳሉ፤ አራት አምስት ጊዜ ስትመላለሱበት ይረጋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ክሩ ከፍሬቱ ስለራቀብኝ ብሪጁን ዝቅ ላደርግ አልኩና ሁሉም ነገር ተወጥሮ እያለ ምሶሶውን በአለን ኪ አዞርኩት። ሲጥ አለ። ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ስለቱ የሚሸከመው የክሮቹን 38 ኪሎ ብቻ አይደለም፤ ሞላዎቹም ወደዚያው ወደ አንገቱ ነው የሚጎትቱት፣ ሁለቱ ይደመራሉ። በዚያ ጫና ስር ብሎን ማዞር ስለቱን በገዛ እጅ መፋቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዘንጉን ተጭኜ ስለቀው ስድስቱም ክሮች ትንሽ ወርደው ይቀራሉ፤ ወደ ላይ ስቤ ስለቀው ትንሽ ወጥተው ይቀራሉ። አንድ ክር ብቻ ቢሆን ቆላፊው አልያዘውም ማለት ነው። ስድስቱ አብረው ሲሸሹ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስለቱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ስብስብ ክር አባከንኩ። ጥገና ቤት የወሰድኩለት ሰውዬም አራተኛ ሞላ ጨምሮ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሸኘኝ። ሞላ ሰበቃን አያጠፋም! መያዣውን አላልታችሁ እዚያው ሚዛን ላይ ትመለሳላችሁ፣ ችግሩም እዚያው ይጠብቃችኋል።

በመጨረሻ ፈትቼ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ሳየው በወፍራሙ ክር በኩል ያለው ስለት የጤፍ ፍሬ የምታክል ጎድሏል፤ ምሶሶው አንገት ላይም ጭረት አለ። በሞረድ አስተካክሉት የሚሉ አሉ። አታድርጉት። ጥሩው ስለት እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው፤ ስትሞርዱት ጠንካራው ገጽ ይሄዳል፣ ማዕዘኑም ይለወጣል። እኔ ስለቱ ያለበትን የብሪጁን ወለልና ሁለቱን ምሶሶዎች አንድ ላይ ቀየርኩ፤ የተጫረ አሮጌ ምሶሶ አዲሱንም ስለት ይበላዋል።

ዛሬ ምሶሶ ከመንካቴ በፊት ክሮቹን አላላለሁ፣ ሞላዎቹንም ከመያዣው አወጣለሁ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር። የመያዣውን ብሎን ስላልነካሁ ሚዛኑ ብዙም አይዛባም። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ያገለገለ ጊታር ከሆነ የምትገዙት፣ ዘንጉን ተጭናችሁ ልቀቁና በመቃኛ እዩት፤ ወደ ላይ ሳቡና ደግማችሁ እዩት። ሁለቱ ካልገጠሙ የወለሉንና የምሶሶዎቹን ዋጋ ከሻጩ ዋጋ ላይ ቀንሱ።