ፍራፍሬውን እያኘክን፣ መንገዱን እያወራን፦ የልብ ጤና ማስታወሻዬ

ሰላም ወዳጆች። «የደረስክበትን ጻፍልን» ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩ። ከነገሩ ሁሉ በጣም የጠቀሙኝን ሁለቱን ላስቀድም፦ ፍራፍሬን በመጠጣት ፋንታ ማኘክ፣ ስፖርትን ደግሞ ወሬ እስኪያቋርጥ ድረስ አለማክረር። የቀረው የእነዚህ ዝርዝር ነው።

መነሻዬን ለማታውቁ፦ አርባዎቹን አጋምሻለሁ፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ስጀምር ግፊቴ የላይኛው 138፣ የታችኛው 88 ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ እንድሠራ ነገረኝ፤ ተመልሼ እንድታይም ቀጠሮ ሰጠኝ። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው። መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች ይህን አንብባችሁ ክኒናችሁን እንዳታቆሙ አደራ። ቢቀነስም ቢቆምም የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው።

ከእርምጃው ልጀምር። መንገዴ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ዳገት ነው። ጠዋት ሰውም መኪናም ሳይበዛ እወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሰውነቴ ሲሞቅ እፈጥናለሁ፣ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን ረጋ እያልኩ እወርዳለሁ። ፍጥነቴን የምለካው በወሬ ነው። አብሮኝ ከሚሄደው ጎረቤቴ ጋር ማውራት ከቻልኩ፣ ግን መዝፈን ካቃተኝ፣ ልኩ እሱ ነው። መዝፈን ከቻልኩ እፈጥናለሁ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተኝ ደግሞ ቀዝቀዝ እላለሁ። ይህ መለኪያ ሰዓት አይፈልግም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሐኪሞችም የሚመክሩት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። 150 ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ለአምስት ቀን ሲካፈል ግን በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓቱም በአንድ ጊዜ ካልሞላ ከፋፍሎ መሥራት ይቻላል። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ ጠዋት ጥቂት፣ ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ ጥቂት እሄዳለሁ።

ከፍታውን ደግሞ አትርሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ልብ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። የእህቴ ልጅ ከድሬዳዋ መጥታ አብራን ስትወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሜዳ ሜዳውን ብቻ እንድትሄድ ያደረግነው ለዚህ ነው። ከቆላ የመጣ ዘመድ ካላችሁ በደረሰ ማግስት እንጦጦ ይዛችሁት አትውጡ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምትኖሩ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ቲኬት ቆራጮቹ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። በልብ ሕመም ይበልጥ የተጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ዋናው የሥራቸው ልዩነት ደረጃው ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቢሮ ሊፍት አልጠብቅም። የቤታችሁን ደረጃ እንደ ቅጣት አትዩት፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ፍራፍሬው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፤ ሁለቱ ተደምረው ነው። ድንች በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እኔ ቤት ይህ የሚሞላው እንዲህ ነው፦ ቁርስ ላይ ፓፓያ፣ ቢሮ ሙዝ ወይም ብርቱካን፣ ምሳና እራት ላይ ጎመን ወይም ሰላጣ። የምገዛው ሰፈር ካለው ጉልት ነው። ሙዙ ከአርባ ምንጭ በኩል፣ አፕሉ ከጨንቻ ይመጣል። የማንጎ ወቅት ሲሆን ማንጎ፣ ዘይቱን ሲገኝ ዘይቱን። ወቅቱ የሰጠውን መብላት ለኪስም ይቀላል።

ለምን ለልብ ይጠቅማል? አንዱ ምክንያት ፖታሲየም ነው። ኩላሊት ትርፍ ጨውን በሽንት እንዲያስወጣ ያግዛል፣ የደም ሥር ግድግዳንም ያላላል። መካከለኛ ሙዝ 400 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ሁለተኛው ቃጫው (ፋይበር የሚባለው) ነው። የዘይቱን፣ የብርቱካንና የአፕል ቃጫ አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ መጥፎው ኮሌስትሮል እንዲቀንስ ይረዳል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዳሽ የተባለው ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የቀነሰ ወተት የበዛበት አመጋገብ ግፊትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለውጡም በሁለት ሳምንት ውስጥ መታየት ጀምሮ ነበር። እኔን ያበረታኝ ይሄ ነው፤ ዓመት መጠበቅ የለም።

ጁስ ቤት ለምትወዱ፦ ብርቱካን ተጨምቆ ሲጠጣ አብዛኛው ቃጫ ይቀራል፤ ሦስት አራት ፍሬም በአንድ ብርጭቆ ያልቃል። አኝኮ አራት ብርቱካን በአንዴ የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ ስፕሪስ ወፍራም ስለሆነ ቃጫው ብዙም አይጠፋም። ችግሩ የሚጨመርበት ስኳርና የብርጭቆው ትልቅነት ነው። እኔ አሁን «ያለ ስኳር፣ ሎሚ ብቻ» ብዬ አዝዛለሁ፤ እሱንም አልፎ አልፎ። አቦካዶ ቅባቱ ለልብ የሚስማማ ነው፣ ግን ጉልበት ሰጪ ስለሆነ ግማሹ ይበቃኛል። ቤት ውስጥ በዳቦ ላይ ቅቤ የምቀባበትን ቦታ እሱ ወስዶታል።

ፍራፍሬ እየበሉ ጨው ማብዛት ደግሞ ልፋቱን ያሳንሰዋል። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ብዙ ቤት በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ባለቤቴ አሁን ወጡን ሳትቀምስ ጨው አትጨምርም። የወጡ ጣዕም አልጎደለም፤ ልጆቹም ቅር አላላቸውም።

ጾም ላይ ያላችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሱ ጠንካራ ስፖርት አትሥሩ፤ ከተመገባችሁ በኋላ መጠነኛ እርምጃ ይሻላል። ጎረቤቴ በረመዳን የሚሄደው ካፈጠረና ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው፤ ተስማምቶታል።

አሁን ጥንቃቄውን። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፖታሲየም ሊጠራቀምበት ስለሚችል የፍራፍሬውን ዓይነትና መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። ግሬፕፍሩት ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የግፊት መድኃኒቶች ጋር አይስማማም፤ ፋርማሲ ጠይቁ። በእኛ አገር ደግሞ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣት ይዟል። የልብ በር ችግር አለብህ የተባለ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ሶምሶማ አይጀምር። በእርምጃ መሀል ደረት ሲጫን፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ሲመጣ ቁሙ፤ ካልለቀቀም «ያልፋል» ሳትሉ በፍጥነት ጤና ተቋም ሂዱ።

ግፊቴ አሁን 126 በ82 ነው። የለካሁት አምስት ደቂቃ ተቀምጬ፣ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል አሳርፌ ነው። ጠዋት ሳልነሳ የምቆጥረው የልብ ትርታም ዝቅ ብሏል። ልብ ሲጠነክር በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። ሐኪሙ አይቶ «በዚሁ ቀጥል» ብሎኛል፣ መድኃኒት አላዘዘልኝም። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም።

ያልጀመርኩት የጡንቻ ሥራውን ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመከራል። ጂም ለመሄድ አላሰብኩም። ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ውኃ የሞላ ጄሪካን ማንሳት፤ በዚህ ልጀምር ነው። ጉልበታችሁን እያመማችሁ ቁጭ ብድግ የምትሠሩ ካላችሁ እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉልኝ፤ ጎረቤቴ አብሮኝ ሊጀምር ይፈልጋል፣ የሚያስቸግረው ጉልበቱ ነው።