ማሩሲ፣ የስፒሪዶን ሉዊስ አገር

ዛሬ ከአቴንስ መሀል በባቡር ተነሥቼ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ማሩሲ ሄጄ ዋልኩ። በኪፊሲያስ ጎዳና ዳር የተደረደሩት የመስታወት ሕንፃዎች ብዙም አልማረኩኝም፤ የየትኛውም ትልቅ ከተማ ዳርቻ ይመስላሉ። ቀልቤን የሳበው በዚሁ ማዘጋጃ ቤት ክልል የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1896 በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ማራቶንን ባሸነፈው የማሩሲ ተወላጅ፣ በውኃ አመላላሹ ስፒሪዶን ሉዊስ ስም የተሰየመው ስታዲየም ነው። ለ2004ቱ ኦሊምፒክ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ጣሪያ ከሩቅ ይታያል (ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው)። እኔ ግን ዓይኔ ከመሮጫው መም አልተነሣም፤ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ ስለሺ ስህን ብር ሲወስዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አምስተኛ ሆኖ የጨረሰው፣ መሠረት ደፋርም በ5,000 ሜትር ያሸነፈችው በዚሁ ስታዲየም ነው።